የአስካለ የመጨረሻ ምዕራፍ

ሰኞ፣ የካቲት 19 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ሮማ

ጾሙ ዛሬ ገባ። እኔ ግን ከትናንት ጀምሬ በንዴት አበላሽቼዋለሁ።

ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ከጣሊያኖቹ ደብር በተዋስነው አዳራሽ፣ ሴቶቹ የኔን መዝሙር ዘመሩ። ሁሉም የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው። የሚያርፉት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ስለሆነ በነዚህ ቀናት አዳራሹ ይሞላል። የምትመራቸው አበራሽ የምትባል የደሴ ልጅ ናት። ድምፅስ አላት፤ እሱን አልነፍጋትም።

እኛ በሩን ዘግተን፣ አንተ ደጅ ስትጠና፤
ቀኑ አለቀብን፣ ግባ መሽቷልና።

ሲያበቁ ጠጋ ብዬ፣ «"አለፈብን" ነው እንጂ "አለቀብን" አይደለም። አታበላሹት» አልኳት።

«መምህር ፀሐዬ፣ እኛ አገር እንዲህ ነው የሚዜመው። የጥንት ነው እኮ፤ አባቶች ያወረዱት።»

«የትኞቹ አባቶች?»

«የድሮዎቹ ናቸዋ!»

የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት። በ1951፣ ወሎ ላይ ሰማዩ የተዘጋ ጊዜ። ሳቀች። በክፋት አይደለም፤ ሽማግሌ ሲቀልድ እንደሚሳቅለት ነው የሳቀችው። ከኋላዋ ያሉትም ሳቁ። ልጄ መሠረት እጄን ያዝ አድርጋ «ይተዉት አባዬ፣ ቫ ቤኔ» አለችኝ፤ በጣሊያንኛ «ይሁን» ማለቷ ነው።

ቫ ቤኔ! አገር ሙሉ ሃያ ዓመት የዘመረው መዝሙር ባለቤት የለውም። ልጄ ደግሞ ቫ ቤኔ ትለኛለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 22

አቶ አምኃ እቤት ድረስ መጣ። በአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ክራቫት የማይለየው፣ ስለ ነፃነት ሲያወራ ምራቁን የሚውጥ ሰው ነው። ወዳጆቹን አስተባብሮ «የአስካለ ፈቃድ»ን ሊያሳትምልኝ ነው። ቲቡርቲና አጠገብ የኛ ፊደል ያለው ትንሽ ማተሚያ ቤት አለ አለኝ። ፊደል ለቃሚው የአስመራ ልጅ ነው።

መጽሐፉ ከወጣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አስካለ ለሽማግሌ ባለጠጋ ስትታጭ አባቷን እምቢ ብላ፣ ከተማ ገብታ ተምራ፣ የመረጠችውን ታገባለች። ያኔ የማስተምርበት ደብር «ሴት ልጅን በአባቷ ላይ ያነሣሣ» ብሎ ከመምህርነቴ አባረረኝ። በሻንጣዬ ይዤው የመጣሁት አንድ ቅጂ ተርፎኛል።

«አባት ሴት ልጁን የመስማት ግዴታ አለበት የሚል መቅድም ይጻፉልን» አለ አምኃ።

እጽፋለሁ አልኩ። ማን ከእኔ የተሻለ ይጽፈዋል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 27

ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። ፊደል ለቃሚው ረዘነ ይባላል። ጣቶቹ በቀለም የጠቆሩ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። እንዳየኝ ከመቀመጫው ብድግ አለ። እናቱ አስመራ ውስጥ መጽሐፌን ለጎረቤት ሴቶች ጮክ ብላ ታነብ ነበር አለኝ።

«"ግባ መሽቷልና"ንም የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ አይደል?»

ክው አልኩ። «ማን ነገረህ?»

«ሰው ነገረኝ» አለና ወደ ፊደል ሳጥኑ አቀረቀረ።

በዚህ ከተማ የሚያውቀኝ አንድ ሰው ተገኘ! ሲሸኘኝ እስከ ፌርማታው ድረስ ቦርሳዬን ያዘልኝ። የዚህ ልጅ ወላጆች የታደሉ ናቸው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 1

ዛሬ ቸኩያለሁ። መሠረት ዛሬም አመሸች። የምትሠራላት ሲኞራ እንግዳ አለባት አለች። እጅጌዋ ላይ ጥቁር ቀለም አየሁ። «የሲኞራዋ ልጅ እስክሪብቶ ነው አባዬ።» ምሳ የምትቋጥርበት ሰሐንም ጠፍቷል። ልጅቷ ዘንድሮ ልቧ የት እንደሆነ እንጃ።

ተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ሐበሾቹ አሁን ለሁለት ተከፍለው ነው የሚቆሙት፤ የአስመራዎቹ በዚያ፣ የኛ በዚህ። አንዷ ለጓደኛዋ «ወደዚያ አትሂጂ፣ ደም አለ» ስትል ሰማሁ። ደሙ የኔ ነው። ልጄ አድማሱ ወታደር ሆኖ አምና በታኅሣሥ ምጽዋ ላይ ቀረ። ስለሱ አልጽፍም።

ሰኞ፣ መጋቢት 3

አምኃ መቅድሙ ላይ የእስር ቤቱም ታሪክ ይግባ አለ። እስቲ ምን ብዬ ልጻፈው?

ልጆቻቸው በየመንገዱ የተገደሉባቸው እናቶች ማልቀስ ሲከለከሉ፣ በር ዘግተው የኔን መዝሙር ዘመሩ። ቀበሌው ሰማ። መጥተው ወሰዱኝ። መርማሪው ልጅ እግር ነው፤ የሲጋራውን አመድ ወለሉ ላይ ያራግፋል።

«"መሽቷል" ያልከው አብዮቱን ነው?»

«ከአብዮቱ አሥራ አምስት ዓመት በፊት ነው የጻፍኩት።»

«ስለዚህ አስቀድመህ አውቀህ ነበር ማለት ነዋ!»

ሁለት ወር አስቀመጡኝ። እንግዲህ አገር ቤት ደራሲነቴን ሳይጠራጠር ያመነልኝ እሱ ብቻ ነው። ይሄን ልጽፍ?

ከወጣሁ በኋላ መሠረት ሲኞራዋን ለምና የጥሪ ወረቀት አስላከችልኝ። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማግኘት ኩዌስቱራው ፖሊስ ቢሮ ደጃፍ ስንት ማለዳ እንደቆመች አውቃለሁ። አውቃለሁ! ዘወትር እንዲነገረኝ አልፈልግም። እሷም ነግራኝ አታውቅም፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

እርማት ይዤ ሳልነግራቸው ማተሚያ ቤቱ ገባሁ። መሠረት እዚያ ነበረች። ሐሙስ ነው፤ አዳራሽ ሄዳለች ብዬ ነበር የማስበው። ከረዘነ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የጠፋው ሰሐን በመሃላቸው ተከፍቶ፣ ከአንድ ሰሐን ምስር ይበላሉ። «አንተ፣ አፍህን ጥረግ» እያለችው ነበር።

አንተ!

ሁለቱም ተነሡ። እርማቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ወጣሁ። ካሲሊና መንገድ ላይ ባቡሩ አጠገቤ ሲያልፍ ለማን እንደምጮህ ሳላውቅ ጮህኩ። አንዲት ጣሊያን አሮጊት አማተበች።

ያ ቦርሳዬን የያዘልኝ! ያ «ሰው ነገረኝ» ያለኝ!

እሑድ፣ መጋቢት 9

አላናገርኳትም። ምግብ ታቀርባለች፤ እበላለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 16፣ ደብረ ዘይት

ሽማግሌ ላኩብኝ። አምኃና አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት። ተቀመጡ ብላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። የአገሩን ወግ እዚህ ድረስ ተሸክመው መጥተዋል።

«ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው» አሉ አዛውንቱ።

«ለየትኛው ልጃችሁ?»

«ለረዘነ።»

«ወንድ ልጄን እዚያ አገር ቀበርኩ። ሴቷንም ልጨምር?»

ቀበርኩ አልኩ እንጂ አልቀበርኩትም። ሬሳው አልመጣም። ይህን ስናገር አፌ ደረቀ፤ አዛውንቱም አዩት፤ እንዲያዩት አልፈለግሁም። ስለዚህ ጮህኩ። ውጡልኝ አልኩ። አምኃ ክራቫቱን እያስተካከለ «መምህር፣ መቅድሙ ላይ የጻፉትን ያስታውሱ እንጂ» አለ። በዚያች ደቂቃ አንገቱን በዚያው ክራቫት ባንቀው ደስ ባለኝ።

ሲወጡ መሠረት ከጓዳ መጣች። አላለቀሰችም። ድሮ ስቆጣት ታለቅስ ነበር።

«አባዬ፣ አድማሱን የገደለው ረዘነ አይደለም።»

«ማን እንደገደለው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። ረዘነ ያኔ እዚህ ሮማ ፊደል ይለቅም ነበር።»

«ወገኖቹ ናቸው።»

«አስካለን የጻፈው ማን ነው?» አለችኝ። «እኔ ሕፃን ሆኜ ምዕራፍ ምዕራፉን ለእማዬ ሲያነቡላት እሰማ ነበር። ለኔ የጻፉት ነበር የሚመስለኝ።»

«አስካለ ልጄ አይደለችም» አልኳት።

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ተመልሳ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። የታጠበውን ደግማ ስታጥብ ሰማኋት።

ሰኞ፣ መጋቢት 17

መጽሐፉ የኔ ነው። የፈለግሁትን አደርገዋለሁ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ማተሚያ ቤቱ ለቅሞ ከመለሰልኝ ቅጂዬ ገንጥዬ አቃጠልኩትና አዲስ ጻፍኩ። አስካለ ከከተማ ተመልሳ፣ በአንገቷ ድንጋይ ተሸክማ፣ በአባቷ እግር ላይ ትወድቃለች። አባቷ ያነሣታል፤ ይምራታል። ይሄው ነው። ከጠዋት እስከ ምሳ ጨረስኩት። የድሮው ስድስት ወር ፈጅቶብኝ ነበር። ልምድ ማለት ይህ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 19

ለረዘነ በእጁ ሰጠሁት። የድሮውን ምዕራፍ ለቅሞ ጨርሶት ነበር፤ የብረት ፊደሎቹ በገመድ ታስረው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

«ይሄን በትነው። ይሄኛውን ልቀም።»

ቆሞ አነበበው። ድንጋይዋ ላይ ሲደርስ ከፊቱ አወቅሁ። እምቢ ይላል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የምመልስለትን መንገድ ላይ ስለማመድ ነው የመጣሁት።

«የእርስዎ መጽሐፍ ነው መምህር። እለቅመዋለሁ» አለኝ።

በቃ። የተዘጋጀሁበት ስድብ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 22

መሠረት ሄደች። አበራሽ ዘንድ ነው የምታርፈው። ልብሴን ተኩሳ፣ ሽሮ ሠርታ፣ መድኃኒቴን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ። «የአንዱ ክኒን ከምግብ በኋላ ነው፣ አይርሱ» አለችኝ በሩ ላይ።

ትሂድ። አሎራ! እዚህ «እንግዲህ» ለማለት እንደሚሉት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 25

ማተሚያ ቤቱ የሙከራውን ወረቀት ላከልኝ፤ ቦዛ ይሉታል። አዲሱን ምዕራፍ ስሕተት ፍለጋ አነበብኩት። ሆን ብሎ ያበላሸው ቃል፣ የዘለለው መስመር፣ የገለበጠው ፊደል አለ ብዬ። ሦስቴ አነበብኩት። የለም። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ሁሉም በየቦታው። ድንጋይዋን እንኳ አሳምሮ ለቅሞታል።

አንድ ስሕተት ባገኝ ኖሮ ምን ያህል ቀለል ባለኝ!

የከፋው ደግሞ ምዕራፉ ራሱ ነው። ሞቶ የተወለደ ነው። አስካለ ትወድቃለች፣ አባትየው ያነሣታል፤ ሁለቱም አይተነፍሱም። አስካለን እንዲህ ስትናገር አላውቃትም። ንዴቴ ነው ያበላሸው እንዳልል፣ ንዴቴ ከመቼ ወዲህ ነው ብዕሬን ያበላሸው?

እሑድ፣ መጋቢት 30፣ ኒቆዲሞስ

አዳራሽ ሄድኩ። መሠረት ከመዘምራኑ ጋር ነበረች። «አለፈብን» ብለው ዘመሩ። አስተካክለዋል። ማን እንዳስተካከላቸው አልጠየቅሁም። ከፍጻሜው በፊት ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 4

አበራሽ መጣች። መሠረትን ልታስታርቅ መስሎኝ በሩ ላይ ላቆማት ስል ገፍታኝ ገባች። እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

«እርስዎ ነዎት የ"አስካለ" ደራሲ? መሠረት ነገረችኝ። እኔ እኮ ደራሲው የሞተ ይመስለኝ ነበር።»

መዝሙሬን የድሮ አባቶች፣ መጽሐፌን የሞተ ሰው! ልመልስላት ስል አላስጨረሰችኝም።

«በዚያ መጽሐፍ ነው እኔ የጠፋሁት! ደሴ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ እኩያው ለሆነ ነጋዴ ቀን ቆርጦልኝ ነበር። ጓደኛዬ መጽሐፉን አዋሰችኝ። ከበረቱ ጀርባ ተደብቄ ጨረስኩት። በሳምንቱ አዲስ አበባ ነበርኩ። ከዚያ የሰው ቤት፣ ከዚያ እዚህ። አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም። የጣሊያን ሽንት ቤት እያጠብኩም ቢሆን!»

«ደስ ይለኛል…»

«ይቆዩኝ! አሁን አስካለን መለሷት አሉ። ድንጋይ አሸክመው። ታዲያ እኔስ? እኔም ልመለስ? አባቴ ሞቷል፤ ድንጋዩን ለማን ልሸከም?»

«ልብ ወለድ ነው እኮ ልጄ።»

«ለእርስዎ ነው ልብ ወለድ!» አለችኝ። ዕቃዋን አነሣች፣ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ እየተናገረች ነበር፤ የታችኛው ፎቅ ጣሊያን በሩን ከፍቶ አያት።

ሰው እቤቴ ድረስ መጥቶ ይሰድበኛል። በገዛ መጽሐፌ!

ዓርብ፣ ሚያዝያ 12፣ ስቅለት

ጠዋት ለስግደት ነበር የተነሣሁት። እግሬ ግን ማተሚያ ቤቱ ወሰደኝ። የጣሊያኖቹ ፋሲካ ባለፈው እሑድ አልፏል፤ ለነሱ ዛሬ ተራ ቀን ስለሆነ ክፍት ነው። ረዘነ ብቻውን ነበር። እንደ እኔው ጾመኛ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ማታ ለስግደቱ መጨረሻ እንዲደርስ አሠሪው ቀደም ብሎ ሊለቀው ቃል ገብቶለታል።

«የድሮውን ምዕራፍ መልስልኝ» አልኩት።

«በትኜዋለሁ መምህር። ባዘዙኝ ቀን። ቅጂዎን ያምጡልኝና እንደገና…»

«አቃጥዬዋለሁ።»

በጣቱ የያዘውን ፊደል ሳጥኑ ውስጥ መለሰ። ከዚያ ፊደል የሚደረድርበትን መልቀሚያ በግራ እጁ ያዘና «ይበሉኝ» አለኝ።

በቃሌ አልኩለት። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው የጻፈውን አይረሳም። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ፊደሉን ከየሳጥኑ ያነሣል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አስካለ አባቷ ፊት የቆመችበት ጋ ደረስን። እዚያ አለ አንድ ዓረፍተ ነገር። ልናገረው አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ሳልኩ። ውኃ እንዳልጠይቅ ስቅለት ነው። ረዘነ ጣቶቹን ሳጥኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ቢያየኝ ኖሮ ጥዬው እወጣ ነበር።

«አባቴ፣» አልኩ መጨረሻ ላይ፣ «የሰጡኝን ሕይወት መልሰው አይውሰዱብኝ።»

ለቀመው።

ስንጨርስ ውጭ ሾፔሮ፣ የሥራ ማቆም አድማ፣ ነበር፤ አውቶቡስም ትራምም የለም። በእግሬ ወደ ሰፈሬ፣ ወደ ቶር ፒኛታራ፣ ልሄድ ተነሣሁ። «ላድርስዎት» አለ። አያስፈልግም አልኩት። ቢሆንም ተከተለኝ። ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ደቀ መዝሙር መምህሩን እንደሚከተል። ፖርታ ማጆሬ ስደርስ ዞር አልኩ።

«ከኋላዬ ምን ታደባለህ? ሰው የምትዘርፈኝ ይመስለዋል። በጎኔ ሂድ!»

በጎኔ ሄደ። ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ ሳልጠይቀው፣

«የኔም ወንድም እዚያው ነው የወደቀው» አለ። «ገብረንጉስ። ምጽዋ። በዚያው ወር።»

እሳት ሆንኩ። «ሞትህን ከሞቴ ጋር አታወዳድርብኝ!»

«አላወዳደርኩም መምህር።»

ምን ዓይነት ሰው ነው? ስድብ ቢመልስልኝ፣ የወገኖቹን ሰንደቅ ዓላማ ቢያነሣብኝ፣ እንጣላ ነበር። ካሲሊና ላይ ሱቆቹ እየተዘጉ ነበር። አንድ ሥጋ ሻጭ መጋረጃ ብረቱን እያወረደ አየን። ከሱቁ ካለፍን በኋላ፣

«ስንት ዓመቱ ነበር?» አልኩት።

«ሃያ ሁለት።»

«የኔ ሃያ አንድ።»

እቤት ደረስን። በሩ ላይ «ይግቡ፣ እኔ ልሂድ» አለ። ሂድ አልኩት። አባዬ እንዳይለኝ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። «እሺ መምህር» ብሏል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 16

ፋሲካ አለፈ። መሠረት በበዓሉ ቀን ምግብ ይዛ መጣች። እንኳን አደረሰዎ አለችኝ፤ እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩ። መድኃኒቱን ቆጥራ «ዘለዋል» ብላ ተቆጣችኝ። እሷም መቆጣት ጀምራለች። ከማን እንደወረሰችው እንጃ።

ልትሄድ ስትል «መጽሐፉ በድሮው ነው የሚወጣው» አልኳት። «ረዘነ ነግሮኛል» አለች። ሁሉን ነገር ረዘነ ነግሯታል። ስጠይቃት ሠርጉ ለዳግማ ትንሣኤ፣ እሑድ ነው አለች። ሳልፈቅድ ቀን ቆርጠዋል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ አበራሽ እየዘፈነች፣ አምኃ በክራቫቱ ንግግር እያደረገ! ምን እንደሚሉ ከወዲሁ ይታየኛል፤ የሚያርም ሰው ከሌለ ጥቅሱን ሁሉ ያበላሹታል።

እሄዳለሁ አላልኩም። ማንም እንዲህ አለ እንዳይል።

ኮቴ ግን ክርኑ ላይ ሳስቷል። ከታች ወዳለው ልብስ ሰፊ ወሰድኩት። ሰውየው ሰነፍ ነው፤ ሬዲዮ እየሰማ ነው የሚሰፋው። «ለቅዳሜ» አለኝ። ለቅዳሜ ባያደርሰው ጉዱ ይፈላል።